የሴፍቲኔት ብር አራት ወር አልገባም፤ እናንተ ጋስ?

ወሎዬው — ሰኔ 12፣ ማታ 3፡40

ሰላም ለቤቱ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

እናቴ ወሎ ደጋው ላይ ነው የምትኖረው። የወረዳውን ስም ልተወው፤ ነገ እሷ ላይ ጣጣ እንዳያመጣ። ሴፍቲኔት ከገባች ቆይታለች፤ ያው ደሃ ቤተሰብ የሕዝብ ሥራ እየሠራ ብር የሚያገኝበት የመንግሥት ፕሮግራም ነው። ቤቱ ውስጥ ሦስት ናቸው፦ እሷ፣ ታናሽ ወንድሜና የሟች እህቴ ልጅ። ሥራው በሰው በወር አምስት ቀን ስለሆነ ለሦስት ሰው አሥራ አምስት ቀን ይመጣል። እሷ ጉልበቷን ስለሚያማት አብዛኛውን ወንድሜ ይሸፍንላታል። ዘንድሮ ጥር ላይ ጀመሩ። እርከን ነው። ድንጋይ በባሬላ ለሁለት ተሸክሞ ዳገት መውጣት። ለፋሲካ ስሄድ የልጁን መዳፍ አየሁት። ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ደርቋል።

የጥር ብር መጋቢት መጨረሻ ገባ። የየካቲት፣ የመጋቢት፣ የሚያዝያና የግንቦት እስከ ዛሬ የለም። ቀበሌ ስትጠይቅ «ወረዳ ጠይቂ» ይሏታል። ወረዳ ስትሄድ፣ ያውም የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፣ «ከላይ አልተለቀቀም» ይሏታል። ከላይ ማለት ማን እንደሆነ የሚነግራት የለም። እግዜር ይሁን ፋይናንስ አናውቅም።

በዚህ መሃል በልጉ ቀረ። ገብሱ ስንዝር ሳይሞላ ደረቀ። ሚያዝያ ላይ አንዷን በግ ሸጠች፣ ያውም ያረገዘችውን። ገበያው ላይ ሁሉም ሻጭ ነበር፤ ዋጋው አይወራም። ከዚያ ከነጋዴ በቆሎ በዱቤ መውሰድ ጀመረች። ነጋዴው ታዲያ የሴፍቲኔት ካርዷን መያዣ ብሎ ወሰደባት። በፌስታል ጠቅልላ፣ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ስንት ዓመት የያዘችውን ካርድ!

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እናንተ አካባቢ ስንት ወር ዘገየ? ደግሞስ አሁን ብሩ ቢመጣ ለማን ነው የሚመጣው? ለእናቴ ነው ለነጋዴው?

ሐይቅ ዳር — ሰኔ 12፣ ማታ 4፡15

እኛ ጋ ሁለት ወር። አንተ ጋ አራት ከሆነ እኛ ሀብታም ነን ማለት ነው።

ካርድ መያዣ ማድረግ እኛም ጋ አለ። የክፍያ ቀን ነጋዴዎቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ብሩ ከእናትየው እጅ ወደ እነሱ እጅ ለማለፍ አሥር እርምጃ አይሞላም።

አዲስ አበቤ ነኝ — ሰኔ 13፣ ጠዋት 2፡05

ይቅርታ፣ ላስከፋ አይደለም። ግን ይሄ ነገር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ሃያ ዓመት! አንድ ፕሮግራም ሃያ ዓመት እየረዳ ሰው ከድህነት ካልወጣ ችግሩ ብሩ መዘግየቱ ነው ወይስ ሰው መጠበቅ መልመዱ? እኔም ገበሬ ቤተሰብ አለኝ። ሴፍቲኔት የሌለበት ወረዳ ነው፣ ይኖራሉ።

ወሎዬው — ሰኔ 13፣ ጠዋት 2፡30

መጠበቅ መልመድ? ወንድሜ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚጠብቀው። አንተ መሥሪያ ቤት አራት ወር ደሞዝ ባይገባ «ደሞዝ መጠበቅ ለምደሃል» የሚልህ አለ?

ሴፍቲኔት የሌለበት ወረዳ ይኖራሉ ላልከው፣ ወረዳው የት እንደሆነ አላውቅም። ዝናቡ ግን አንድ አይደለም።

እሙ ሐሊማ — ሰኔ 13፣ ጠዋት 4፡50

እኔ በልጅነቴ ስም ሲነበብ እናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። መስጊዱ አጠገብ ዋርካ ሥር ሰው ይሰበሰባል። ኮሚቴው ይቀመጣል። የደሃ ስም ይጠራል። አንዳንዱ «እሱማ በሬ አለው» ይላል። ሌላው «በሬው የአማቱ ነው» ይላል። ሰው ድህነቱን በአደባባይ ቆሞ ሲያስረዳ ማየት ከባድ ነው። የሚሳቅም አለ፤ አንዱ «እኔ በሬ የለኝም፣ ሚስቴም ልትፈታኝ ነው፣ ጻፉኝ» ብሎ ሕዝቡን አስቆታል።

ግን በአደባባይ መነበቡ ጥሩ ነበር። የቀበሌው ሰው የአጎቱን ልጅ ሊከት ቢሞክር ሰው ያጉረመርማል። አሁን አሁን ዝርዝሩ ወረቀት ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው ይላሉ። እኔ ካየሁ ቆይቻለሁ።

አዲስ አበቤ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ድንጋይ አትሸከምም፣ ታውቃለህ? ከሥራ ወጥታ፣ ከወለደችም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሳትሠራ ይከፈላታል። ጧሪ የሌለው ሽማግሌም ቀጥታ ድጋፍ የሚባለው፣ ሳይሠራ የሚከፈለው አለው። ጥገኝነት የምትለው ይሄ ከሆነ እኔ እደግፋለሁ።

የድሮው ልማት ጣቢያ — ሰኔ 13፣ ከሰዓት 9፡20

እኔ ጡረታ የወጣሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። ፕሮግራሙ ሲጀመር ነበርኩ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዳ፣ እናንተ ልጆች የምትጨቃጨቁት የጎደለ ነገር ስላለ ነው።

በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ከ13 ሚሊዮን ሰው በላይ እርዳታ ፈለገ። ያኔ አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ሰው ይራባል፣ ልመና ይወጣል፣ መርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ እህሉ በከባድ መኪና ይጫናል። እኛ ጋ ሲደርስ ሰዉ በሬውን ሸጦ ጨርሷል። በየዓመቱ ይሄው ነው። የሚራበው ወረዳ የሚታወቅ ነው፤ በየዓመቱ ግን እንደ አዲስ ዱብ ዕዳ ነበር የሚቆጠረው። «ለሚታወቅ ረሃብ አስቀድመን ለምን አንመድብም» ተባለ። በ1997 ሴፍቲኔት ተጀመረ። ዋናው ሐሳብ ሥራውም እርከኑም አልነበረም። ዋናው ሐሳብ በሰዓቱ መድረስ ነበር። ገበሬው ጥር ላይ ብር እንደሚመጣለት ካወቀ በጉን አይሸጥም፣ ነው ነገሩ። ብሩ ከዘገየ ፕሮግራሙ ተመልሶ የ1995ቱን እርዳታ ሆነ ማለት ነው፣ ድንጋይ ተጨምሮበት።

የመጀመሪያው የቀን ሒሳብ 6 ብር ነበር። በኋላ 8፣ ከዚያ 10 ሆነ። መነሻው ሦስት ኪሎ እህል መግዣ ነው፤ በወር አምስት ቀን ሲሆን ለአንድ ሰው አሥራ አምስት ኪሎ። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲሰቀል ግን 8 ብር ሦስት ኪሎ መግዛት ተወ። ያኔ ሰዉ «ብራችሁን ውሰዱ፣ እህሉን ስጡን» አለን። ትክክል ነበሩ። እህል አይረክስም።

አሁን ብሩ የት ነው የሚዘገየው? ላስረዳ። ፎርማኑ የሥራ ቀን ይመዘግባል። ልማት ጣቢያው ያጣራል። ወረዳ ይሄዳል። ወረዳ ላይ አንድ ኮምፒውተር የምትችል ልጅ አለች፤ ሁሉንም ቀበሌ እሷ ነች የምታስገባው። እሷ ወሊድ ከወጣች ወረዳው በሙሉ ወሊድ ወጣ ማለት ነው። ቀልድ አይደለም፣ አይቻለሁ። ከዚያ ፋይናንስ ነው። ደግሞ አንድ ወረዳ የባለፈውን ሒሳብ ካላወራረደ የሚቀጥለው ይያዝና የሠራውም ያልሠራውም እኩል ይቀጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። እኛ ጋ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ሰው ክፍያ ቦታው ላይ ዕዳው ይቀነስበት ነበር። መመሪያው አይፈቅድም። ጠረጴዛው ግን ከጠረጴዛው አጠገብ ይቀመጥ ነበር። አንዱ ይከፍለዋል፣ ሌላው ይቀበለዋል። እኔም እዚያው ቆሜ ዝም ብያለሁ።

ሐይቅ ዳር — ሰኔ 13፣ ከሰዓት 9፡45

አባባ፣ እውነቱን ስላወጡት አመሰግናለሁ። ሁለቱ ጠረጴዛ እኛም ጋ ነበሩ።

የአይዋው ሹፌር — ሰኔ 14፣ ሌሊት 6፡10

ከአሜሪካ ነኝ፣ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። መካከለኛው ምዕራብ ላይ እህል ስለምጭን ገበሬዎች ጋ ብዙ እቆማለሁ። እዚህ ያለውን ልንገራችሁ፣ ያስገርማችኋል።

እዚህ ወረዳ ማለት ካውንቲ ነው። የአደጋ ክፍያ የሚሠራው በካውንቲ ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ የድርቅ ካርታ ይወጣል፤ ከ0 እስከ 4 ደረጃ አለው። ደረጃ 2 ለስምንት ተከታታይ ሳምንት ከቆየ ካውንቲው ውስጥ ያለ ከብት አርቢ ለግጦሽ ይከፈለው ነበር። የቆየው ደንብ ነው፣ በቅርቡ ደግሞ አላልተውታል። ደረጃ 3 ከደረሰ አንድ ቀንም ይበቃል። ልብ በሉ፣ ካውንቲው በሙሉ መድረቅ የለበትም። አንዱ ጥግ ከደረቀ ሁሉም ይገባል። ከብቱ በአደጋ የሞተበት ደግሞ ከገበያ ዋጋው 75 በመቶ ይሰጠዋል፣ ማስረጃ ካቀረበ። የሞተ ጥጃ ፎቶ ስልኩ ላይ ያለው ገበሬ አሳይቶኛል፤ ቀንና ሰዓት ሳይቀር።

ሁሉም ግን ስጦታ አይደለም። የግብርና ሚኒስትሩ ካውንቲውን የአደጋ ቦታ ብሎ ሲያውጅ ጎረቤት ካውንቲዎችም አብረው ይገባሉ፤ የሚያገኙት ግን የአስቸኳይ ጊዜ ብድር ነው። ይመለሳል።

መዘግየት ካላችሁ ደግሞ ስሙ። ነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. አይዋ የምትባለውን ግዛት አውሎ ነፋስ መታት። ያን ሰሞን በዚያ አልፌያለሁ። የእህል ጎተራዎቹ ትልልቅ የቆርቆሮ በርሜል ናቸው፤ እንደ ቢራ ጣሳ ተጨምድደው ነበር። በቆሎው በሙሉ አንድ አቅጣጫ ተኝቷል። ኮንግረሱ ለ2020 እና ለ2021 አደጋ 10 ቢሊዮን ዶላር የፈቀደው መስከረም 2021 ላይ ነው። ብሩ መከፈል የጀመረው 2022 ላይ። ሁለት ዓመት ገደማ!

ወሎዬው — ሰኔ 14፣ ጠዋት 1፡50

ሁለት ዓመት? ታዲያ ገበሬው ምን በላ?

የአይዋው ሹፌር — ሰኔ 14፣ ጠዋት 3፡20

እሱ ነው ልዩነቱ፣ ወንድሜ። ኢንሹራንስ አለው። ከአረቦኑ፣ ማለት ለኢንሹራንሱ ከሚከፈለው፣ ከግማሽ በላይ መንግሥት ይከፍልለታል። ሰብሉ ሲወድቅ መጀመሪያ ኢንሹራንሱ ይከፍላል። ባንኩ ይታገሠዋል። መሬቱ የራሱ ነው፣ ያስይዛል። ሁለት ዓመት የዘገየው ብር ሲመጣ ትራክተር ይቀይርበታል። እናትህ አራት ወር ሲዘገይባት በግ ሸጠች። መዘግየት ለሁሉም አንድ ዋጋ የለውም።

አዲስ አበቤ ነኝ — ሰኔ 14፣ ጠዋት 3፡40

ይሄኛው ገብቶኛል። ትናንት ትንሽ ፈጥኛለሁ መሰለኝ።

ግን አንድ ነገር። አሜሪካ ዝርዝሩን የሚሠራው ማነው? እዚያም ኮሚቴ አለ ወይስ ኮምፒውተር ነው?

የአይዋው ሹፌር — ሰኔ 14፣ ጠዋት 4፡00

ኮሚቴ አለ። በየካውንቲው ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት፣ ከሦስት እስከ አሥራ አንድ ሰው። ሦስት ዓመት ያገለግላሉ። እኔ የማውቀው አንዱ አባል ቡና እየጠጣ ነው ማመልከቻ የሚያየው።

ጥላሁን ሠፈር — ሰኔ 14፣ ጠዋት 4፡35

ሜሪላንድ ነኝ። ኮሚቴው ተመራጭ ስለሆነ ንጹሕ ነው እንዳትሉ። ጥቁር ገበሬዎች ለአሥርት ዓመታት ከእነዚያው የካውንቲ ቢሮዎች ብድር ሲከለከሉ፣ ማመልከቻቸው መሳቢያ ውስጥ ሲያድር ነው የኖሩት። የመዝሪያ ጊዜ ካለፈ በኋላ «ተፈቅዶልሃል» ይባላሉ። ከሰሱ። ፒግፎርድ የሚባለው ክስ ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. በስምምነት አለቀ፣ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተከፈለ። ብዙዎቹ ግን መሬታቸውን ካጡ በኋላ ነው።

መዘግየት አንዳንዴ የሥራ ብዛት አይደለም። ሆን ተብሎም ይደረጋል።

የድሮው ልማት ጣቢያ — ሰኔ 14፣ ከሰዓት 8፡15

ልጄ፣ ይሄ የመዝሪያ ጊዜ ነገር ልቤን ነካው። ዘር ነሐሴ ላይ የመጣልን ዓመት ነበር። ሰዉ ቀቅሎ በላው። እኛ ግን ሪፖርት ላይ «ዘር ተሠራጭቷል» ብለን ጻፍን።

ማዶ ለማዶ — ሰኔ 14፣ ማታ 1፡30

እኔ ደግሞ ወንዝ ማዶ ያለሁ ነኝ። ወዲያ ማዶ ያለው ወረዳ ሴፍቲኔት አለው፣ እኛ የለንም። ሲጀመር የተመረጡት ለዓመታት እርዳታ ሲቀበሉ የኖሩ ወረዳዎች ናቸው። እኛ ያኔ አልተቀበልንም። ስላልተራብን አይደለም፤ መንገድ ስላልነበረን መኪና አልመጣም። ስለዚህ መዝገቡ ላይ «ያልተራበ» ሆነን ቀረን። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት አንበጣው ሲመጣ ወንዙን አይቶ አልተመለሰም። የሁለቱንም ማዶ ማሽላ እኩል ነው የበላው። ቆርቆሮ እየቀጠቀጥን፣ ጅራፍ እያጮህን ስናባርረው ወደነሱ ይሄዳል። እነሱ ሲያባርሩት ወደኛ ይመጣል።

የአሜሪካው «ጎረቤት ካውንቲም አብሮ ይገባል» ያልከው በጣም ደስ ብሎኛል። ብድርም ቢሆን።

አዲስ አበቤ፣ የአንተ ቤተሰብ እኛ ሠፈር እንዳይሆኑ።

አዲስ አበቤ ነኝ — ሰኔ 14፣ ማታ 1፡45

😅 እሱስ አልፎ አልፎ እኔ ነኝ የምልክላቸው። አሁን ስታስበው ሴፍቲኔታቸው እኔ ነኝ።

ያቤሎ ልጅ — ሰኔ 15፣ ጠዋት 3፡10

ከቦረና ነው። እኛ ጋ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት መድን አለ። ሰው መጥቶ የሞተ ከብት አይቆጥርም። ሳተላይት የሣሩን አረንጓዴነት ያያል፣ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ለገዛው ሁሉ ይከፈላል። ኮሚቴ የለ፣ ጉቦ የለ፣ «በሬ አለው የለውም» የለ።

ችግሩ ሳተላይቱ አረንጓዴ እንጂ ሣር አያውቅም። ቁጥቋጦ በወረረው መሬት ላይ ከሰማይ ሲያዩት ለምለም ነው፣ ላሟ ግን እሾህ አትበላም። አባቴ «ያ ነገር ወርዶ አንድ ቀን ይሰማራ» ይላል።

ግን እውነት ለመናገር፣ ከብት ሳይሞት በፊት የሚከፍል ነገር ጥሩ ነው። ከሞተ በኋላ የሚመጣ ብር ሥጋ መግዣ ነው።

ሐይቅ ዳር — ሰኔ 15፣ ጠዋት 3፡30

አረቦኑን ከየት አምጥቶ ይከፍላል ደሃው?

ጥላሁን ሠፈር — ሰኔ 15፣ ጠዋት 5፡00

ለዚህ አንድ ብልሃት ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ትግራይ፣ አዲ ሓ የሚባል መንደር፣ ወደ 200 አባወራ የጤፍ መድን ገዛ። ብር የሌለው አረቦኑን በጉልበቱ ከፈለ። ዝናቡ ሲቀንስ የሚለካውም እዚያ በሳተላይት ነው። እዚህ ውይይት ላይ የተባሉት ሁለቱ ነገሮች፣ እርከኑና መድኑ፣ እዚያ አንድ ላይ ተገናኝተው ነበር ማለት ነው።

እሙ ሐሊማ — ሰኔ 15፣ ማታ 2፡20

ስለ ምረቃ ማንም አላወራም። እኛ ጋ «ራሳችሁን ችላችኋል፣ ተመርቃችኋል» ተብለው ከሴፍቲኔት የወጡ አሉ። ጋዋን የሌለው ምረቃ። አክስቴ ሁለት ፍየል ስላላት ተመረቀች። በዓመቱ ፍየሎቹ አለቁ፤ እሷ ግን ምሩቅ ሆና ቀረች። ተመልሶ መግባት አይታሰብም። ወረዳው ይህን ያህል ሰው አስመረቅን ብሎ ለበላይ ሪፖርት አድርጓላ።

የድሮው ልማት ጣቢያ — ሰኔ 16፣ ጠዋት 2፡00

ወሎዬው፣ ወደ እናትህ ጉዳይ ልመለስ። ወሬው ሄዶ ሄዶ አሜሪካ ደረሰ። ወንድምህን እንዲህ በለው። «ለምን አልገባም» ብሎ አይጠይቅ፤ «ከላይ» ይሉታል። «የየካቲት ፔይሮል (የክፍያ ዝርዝሩ) ላይ የእናቴ ስም አለ ወይ? ያሳዩኝ» ይበል። ካለ፣ ችግሩ ከወረዳ በላይ ነው። ከሌለ፣ እዚያው ወረዳ ነው። ቀበሌው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አለው፣ በጽሑፍ ያስገባ፣ ቀኑ ያለበት ቅጂ ይያዝ። ቀን የሌለው አቤቱታ አልተጻፈም በል።

ወሎዬው — ሰኔ 16፣ ጠዋት 2፡25

እግዜር ይስጥልኝ አባባ። ዛሬውኑ እደውላለሁ።

ወሎዬው — ሐምሌ 9፣ ማታ 2፡50

ሰላም፣ ተመለስኩ። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ጠይቆኛል።

ወንድሜ ሁለቴ ተመላለሰ። በመጀመሪያው ቀን ልጅቷ የለችም ተባለ። (ወሊድ አይደለም፣ ስልጠና።) በሁለተኛው ቀን ፔይሮሉን አሳዩት። የመጋቢትና የሚያዝያው ላይ ስሟ አለ፣ ያው ከላይ ስላልተለቀቀ ነው የቆየው። የየካቲቱ ላይ ግን የለም። ለምን ቢባል፣ ዘንድሮ ክፍያው በስልክ እንዲሆን ስም ከመታወቂያ ጋር ሲመሳከር የእሷ አልገጠመም። መታወቂያዋ ላይ ስሟ በ«ሀ» ነው የተጻፈው። የወረዳው ዝርዝር ላይ በ«ሐ»። ማሽኑ ሁለት ሰው ናቸው አለ። አንዲት ሃሌታ እናቴን ለሁለት ከፍላ የአንድ ወር ብሯን ያዘችው።

አቤቱታው ገብቷል፣ ቀን አለው፣ ቅጂው እኔ ጋ ነው።

ባለፈው ሳምንት የመጋቢትና የሚያዝያው ገባ። ነጋዴው እዚያው ነበር። የበቆሎውን ዱቤ ቆረጠ፣ ካርዷን መለሰላት። የተረፈው ለዘይትና ለልጁ ጫማ ሆነ። በግ አልተገዛም፤ በሚያዝያ የሸጠችበት ዋጋ ላይ አሁን እጥፉ ተጨምሯል።

ካርዱን ደግሞ አዲስ ፌስታል ጠቅልላ መቀነቷ ላይ አሥራዋለች አሉ።

ሐይቅ ዳር — ሐምሌ 9፣ ማታ 3፡05

የግንቦቱስ?

ወሎዬው — ሐምሌ 9፣ ማታ 3፡10

ከላይ ነው አሉ።